በፍም የተወጠረው አቁማዳ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በከበደበት ዓመት፣ ከደጋ የሚወርደው ወንዝ ድንገት ሞላና የአንዲት አህያን ውርንጭላ መሐል ደሴት ላይ ከቦ አስቀረው። ውኃው እየጨመረ ነው። እናቱ ዳር ቀርታለች። የዚያ አገር እንስሳት ወንዝ ሲሞላ አቁማዳ ነፍተው፣ አፉን አስረው፣ በደረታቸው ተደግፈውበት ይሻገሩ ነበር። እሷም አቁማዳዋን አምጥታ ትነፋ ጀመር።

ምን ያደርጋል፣ ውርንጭላውን አያ ጅቦም አይቶታል። ለሃጩን እያዝረበረበ የራሱን አቁማዳ ይዞ መጣ፤ ሁለት ሦስቴ ነፋና ሰለቸው። ዳር የተቀመጠችው ቀበሮ መንገደኞች ትተውት የሄዱትን ፍም አሳየችውና፣ አቁማዳውን አስሮ እዚያ ቢያስጠጋው ያለ ድካም እንደሚሞላለት ነገረችው። እውነትም አቁማዳው ተወጠረ።

አህይት ይህን ስታይ ፍሙን ተመኘች። ልጇ እየጮኸ ነዋ! ለምን ለእኔም አልነገርሽኝም ብላ ቀበሮን ጠየቀቻት። ቀበሮም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ላንቺ አይበጅሽም፣ እህቴ። አየር ማለት ዓይን የማያያቸው እልፍ አእላፍ ብናኞች ናቸው። ሲሞቃቸው ሩጫቸው ይፈጥናል፣ ቆዳውን እየመቱ ይወጥሩታል። ሲበርዳቸው ቀስ ይላሉ፣ ምታቸውም ይደክማል። የሱን የወጠረው ሩጫቸው እንጂ ብዛታቸው አይደለም። ወንዙ ደግሞ ብርድ ነው።»

አህይት ዝም ብትል ጠላቷን ወንዙ ይወስድላታል። ዝምታው ግን ከበዳት።

«አያ ጅቦ፣ አትግባ። ውኃው ሲነካው ይላላብሃል።»

«ልጅሽን እንዳልበላብሽ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀባትና ዘሎ ገባ።

እሷ ጉንጯ እስኪዝል ነፋች። አቁማዳውን ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ላላ ሲል ጨምራ ነፋችና አጥብቃ አስራ ገባች። ከፊቷ የጅብ አቁማዳ ሟሸሸ። ድረሽልኝ ሲል ሰማችው፤ ሳትደርስበት ጎርፉ ወሰደው። ደሴቷ ላይ ስትወጣ ውኃው የልጇ ጉልበት ደርሶ ነበር። አቁማዳው ላይ አስደግፋ አሻገረችው።

ቀበሮ ዳር ቆማ፣ «እንኳን ተገላገልሽ» አለቻት።

«እኔ ነግሬው አላመነኝም» አለች አህይት እያለቀሰች፣ «ካንቺ አፍ ቢሰማው ግን ያምን ነበር።»



ከዚህ የምንማረው፣ የተወጠረ ሁሉ ሙሉ እንዳልሆነና እውነት ከጠላት አፍም ብትመጣ ሰምቶ መመርመር ነፍስ እንደሚያድን ነው።