እመት አህያና ባለክዳኑ አግዳሚ

አንድ ጊዜ፣ ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት አህያ ከተሰበረ ጋሪ፣ ከተጣለ በርና ከአሮጌ ጠፍር አግዳሚ ወንበር ሠራች። አለማመን መብታችሁ ነው። አግዳሚው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ጎጆዋ መግቢያ ላይ አለ፤ የሌለው ክዳኑ ብቻ ነው። ወሬውም ክዳኑ የት እንደ ሄደ ነው።

ሰፈሩ እመት አህያ ይላታል። ጎጆዋ ጠባብ ነበር፤ ጠባብ ስል ማዛጋት ያማረው ሰው ውጭ ወጥቶ አዛግቶ የሚመለስበት ዓይነት ነው። መግቢያው ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር። ጭነት የምትጫንበት ኩርታን፣ ገመዱ፣ ስልቻው፣ ባዶው ጆንያ ሁሉ በሩ ሥር ስለተከመረ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ይደናቀፋል፣ ቀጥሎ «ደህና ዋላችሁ» ይላል። ባለፈው ክረምት ፍየል ልትጠይቃት መጥታ ገመዱ ጠለፋትና ከበሩ እስከ ምድጃው በአፍንጫዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የአህያ ስም በተነሣ ቁጥር አፍንጫዋን ትዳብሳለች።

እመት አህያ ይህን ሁሉ ችላ ትኖር ነበር፤ ግን የማኅበሩ ተራ ደረሰባት። የሰፈሩ እንስሳት በየወሩ በአንዳቸው ቤት ተሰብስበው የሚበሉበትና የሚጠጡበት ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ የበላይ አንበሳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቅ ብሎ አያውቅም፤ ቢሆንም ስሙ ሲጠራ እንኳ ወገቡን የማያቃና የለም። ተራው ደርሶ እንግዳ ማስቀመጫ ያጣ ሰው ከማኅበሩ ይሰረዛል። የተሰረዘ ደግሞ ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። እሷ ዘመድ የላትም፤ ያላት ማኅበሩ ብቻ ነው።

ቀበሮ አናጢ ነኝ ይል ነበርና አስጠራችው። መጣ፤ መግቢያውን በጭራው ለካ፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ። የጭቃ መደብ ቢሠራ መተላለፊያ ይዘጋል አለ። የሚያስፈልጋት ከላይ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ከሥር ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ባለክዳን አግዳሚ መሆኑን ነገራት። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። ለድካሙ ግን ሁለት ጆንያ ገብስ ጠየቀ። የእሷ ሀብት በጠቅላላ አንድ ጆንያ ነው፤ እሱም የድግሱ ጠላና ቆሎ ነው።

«ገብሱን አንተ ከወሰድከው እንግዶቹ ምን ይበላሉ? አግዳሚውን?» አለችው።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እመት አህያ» አለና ጭራውን ጠቅልሎ ሄደ።

ስለዚህ ራሷ ተነሣች። ጓሮዋ ውስጥ መንኮራኩሩን ምስጥ የበላው ጋሪ ወድቆ ነበር፤ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ አራት ጎን አቆመች። ሚስማር የሚባል ነገር በቤቷ የለም። ከጃርት አንድ እሾህ ተውሳ ሳንቃዎቹን በሳችና ከአሮጌ ኩርታን የቀደደችውን ጠፍር ውሃ ውስጥ አሳድራ እንደ ጨርቅ ሰፋቻቸው። ጠፍር ርሶ ታስሮ ሲደርቅ ከሚስማር ይብሳል፤ በማግስቱ ሳንቃዎቹ ተጣብቀው ሲያቃስቱ ይሰማ ነበር። ለክዳን ወንዝ ዳር ካለ ከፈረሰ ጎጆ የተጣለ በር ተሸክማ አመጣች። በሩን ከኋላ በሁለት ጠፍር አንጠለጠለችው፤ ከላዩ ጭድ የጠቀጠቀችበትን ጆንያ አነጠፈች። በስተግራ በኩል ሳንቃ አለቀባትና አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

«ነፋስ ይገባበታል፤ ዕቃው አይሻግትም» አለች ለራሷ፣ ጉድለቱም ሙያ ሆነ።

ኩርታኑን፣ ገመዱን፣ ስልቻውን፣ ሁሉንም ከትታ ከደነችው። ከዚያ በበሩ አርባ ጊዜ ገብታ አርባ ጊዜ ወጣች፤ ሌላ ጉዳይ ኖሯት ሳይሆን አለመደናቀፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።

ቀበሮ በዚያ ሲያልፍ አየው። የሚነቅፈው ነገር ፈልጎ ሦስቴ ዞረው፤ አጣ። አናጢ ሆኖ ያለ እሱ የተሠራ ነገር ሳይፈርስ ሲያይ ሆዱ ተቃጠለና በቀጥታ ወደ ጅብ ዋሻ ወረደ።

ጅብ ሦስት ቀን ሙሉ ከምራቁ በቀር የዋጠው ነገር አልነበረም። ቀበሮ በእሱ ልክ የተሠራ የሚመስል ሣጥን አህያ ቤት መግቢያ ላይ እንዳለ ነገረው። ድግሱ ነገ ነው፤ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይገባበታል፤ እንግዶቹ በልተው ሲበተኑ እሷ ብቻዋን ትቀራለች።

«ከወንዝ ስትመለስ ብበላትስ፣ ምን አስጠበቀኝ?» አለ ጅብ።

«ከግብዣው በኋላ ከሆነ አህያዋን ከነበላችው ገብስ ታገኛታለህ።»

ጅብ በአንድ ቆዳ ሁለት ምሳ መኖሩ ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለእኔ ጉበቷ ይበቃኛል» አለ ቀበሮ። «ብቻ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ንቅንቅ እንዳትል። ለማንም።»

«ለማንም?»

«ለማንም አልኩህ እኮ።»

በማግስቱ እመት አህያ እንስራዋን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ ኩርታኗ ጓሮ ሳማ ውስጥ ተጥሎ አየች። ገመዱም እዚያው ነው፤ ስልቻውም። በሩ ላይ ደርሳ አግዳሚውን ስታይ ደግሞ ሳንቃ ባለቀባት በግራው ክፍተት የጅብ ጭራ ወጥቶ ዝንብ ያባርራል።

ብትሮጥ ይደርስባታል። ክዳኑን በገመድ እንዳትጠፍረው ገመዱ ሳማው ውስጥ ነው፤ እሱን ልታመጣ ስትሄድ ይወጣል። ለእንግዶቹ ብትናገር ፍየልና በግ የመጡበትን መንገድ ሳይጨርሱ ይሸሻሉ፤ እሷና ጅቡ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ የመጣላትን አንድ ነገር አደረገች። ሄዳ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣችው ፍየል ናት፤ አፍንጫዋን ይዛ ገባች፤ ምንም ሳይጠልፋት ሲቀር ግር አላት። ቀጥሎ ጦጣ መጣች፣ ከዚያ ቀበሮ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጣራ ጣራውን እያየ። ባለቤቷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አትልም።

«ዛሬስ ባለቤት ተቀምጣ እንግዳ ሊቀዳ ነው?» አለች ፍየል።

«ወገቤን ይዞኝ ነው፣ እትዬ ፍየል። ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪ። ጦጢት ትቀዳለች።»

ፍየል ተቀመጠች። የእሷ ክብደት ለእመት አህያ ማጽናኛ አልሆናትም፤ ጦጣንም በየመሃሉ እየጠራች አስቀመጠቻት። በዚያች ቀን እንግዳዋን የምትመዝነው በክብሩ ሳይሆን በኪሎው ነበር።

ጠላው ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ሽማግሌው በግ ከዘራውን እያንኳኳ ገባ። በዚያ አገር ለሚገባ ሰው መነሣት ግዴታ ነው፤ አነሣሡ ግን እንደ ሰውየው ነው። ለእኩያ አንገት ይሰበራል። ለሽማግሌ ከመቀመጫ ብድግ ይባላል። ለአንበሳ ሙሉ ቁመት ተቁሞ፣ ዓይን መሬት ላይ ተተክሎ፣ ተቀመጡ እስኪል ድረስ ቀና የሚል የለም።

«ኖር፣ አባባ በግ» ብለው ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

እመት አህያም ብድግ ስትል ክዳኑ ከሥሯ ተከትሏት አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ። በጉ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ሲል ደግሞ ቀስ ብሎ ወረደ።

ጅቡ ለበግ ተነሥቶ ነበር።

እመት አህያ ይህን በመቀመጫዋ ተረዳች። የጅብ ሆድ ምንም ይሁን፣ አስተዳደጉ ያገር ነው።

ከዚያ በኋላ ቀበሮ በልቶ እንደጠገበ እንሂድ እንሂድ ማለት አመጣ። ባለቤቷ ወገቧን አሟታል፤ ትረፍ እንጂ፤ ቀኑም መሽቶ የለም ወይ፣ አለ። ፀሐይ ገና ከአናት ብዙም አልወረደችም። እመት አህያ የቀበሮን ዓይን ስታይ ወደ ግራው ክፍተት ሰረቅ እያደረገ ይመለከታል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት።

«በሞቴ፣ አንድ አንድ ዋንጫ ሳትደግሙ አትነሡም» አለች። በሞቴ የማይል ጋባዥ በዚያ አገር የለም፤ እንደዚያ ቀን ግን ከልቡ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም። ፍየል ራሷ ሰውነቷን ነዝሯት ደገመች። በሞቴ፣ ቆሎ ቅመሱ። በሞቴ፣ የወሬውን ጫፍ ጨርሱት። ጠላው አተላው ታየ፤ ቆሎው ወደ ገለባው ደረሰ። ባዶ ጋን ፊት በሞቴ አይባልም። በግ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ከዘራው እጁን ሰደደ።

እመት አህያ ጆሮዋን አቆመች።

«ቀበሮ» አለች፣ «አንተ የሙያው ሰው ነህ። ና እስቲ በእኔ ቦታ ተቀመጥና ጥንካሬውን መስክርልኝ። ሙያተኛ ካልመሰከረ ማን ያምነኛል።»

ቀበሮ እምቢ ቢል እንዳይጠረጠር ፈራ፤ ሙያተኛ መባሉም ጣፈጠው። መሃሉ ላይ ተንፈላሰሰ። እመት አህያ ወገቧን እየደገፈች ተነሣችና አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደች። ፊቷ ወደ ደጅ ሆነ፤ የኋላ እግሮቿ ወደ አግዳሚው። አንገቷን ሰበረች።

«ኖር፣ ጌታችን አንበሳ» አለች። «ምን እግር ጣለዎት፣ ወደዚች ደሳሳ ጎጆ።»

ፍየል ቆመች። ጦጣ ቆመች። በግ ከዘራው ወድቆበት ቆመ። ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ለአንበሳ ስንት ዓመት ያልተነሣ ወገብ ሁሉ በአንዴ ተቃና። ያልተነሣው ቀበሮ ብቻ ነው። ብልጥ ነውና ከመነሣቱ በፊት እውነት መሆኑን ሊያይ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ፀሐይና አንዲት ዝንብ ነበሩ።

ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ለበግ አንድ ጣት የተነሣው ጅብ ለአንበሳ ሙሉ ቁመቱን ተነሣ። ሁለቱ ጠፍሮች ተበጠሱ። ክዳኑ በጅቡ አናት ላይ፣ ቀበሮው በክዳኑ ላይ ሆነው ወደ ላይ ሄዱ፤ የቀበሮ ጭንቅላት የጣራውን ሣር በስቶ ወጣ። በሩ ላይ ማንም እንደሌለ የጮኸውን ጩኸት ጣራው ላይ የነበሩ ሁለት ቁራዎች አጥርተው ሰሙት። ቤት ውስጥ የተሰማ ነገር የለም፤ እግሮቹ ብቻ አየር ላይ ይራገጣሉ።

«ኖር፣ ጌታዬ» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

እንግዶቹ ደነዘዙ። እመት አህያ ዞር እንኳ አላለችም።

«ጌታችን እዚያ ሣጥን ውስጥ ምን ትሠራለህ ይሉሃል» አለችው።

«አህያዋን ልበላ ነው፣ ጌታዬ። እንግዶቹ እስኪወጡ እየጠበቅኩ ነው። ጉበቷ የቀበሮ ነው የተባለው፤» አለና ጥቂት አሰበ፣ «ግን እርስዎ ከመጡ ለእርስዎ ይሁን።»

እመት አህያ በሁለት የኋላ እግሮቿ ጠለዘችው።

ጅብ ክዳኑን እንደተሸከመ፣ ቀበሮን እንዳስቀመጠ የጓሮውን ግድግዳ ይዞት ወጣ። ወንዙን ተሻገሩ። የቅዳሜ ገበያ ላይ ሲያልፉ የክዳኑ ጥላ አገሩን ስላጨለመው ገበያተኛው ዝናብ መጣ ብሎ በርበሬውን ሰበሰበ። ከዚያ ሦስት ጋራ አልፈው ቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቁ።

ቤት ውስጥ በግ ከዘራውን አነሣና ኩርታኗን ከሳማው እናውጣላት አለ፤ ወጥተው አመጡላት። ፍየል የአግዳሚው ጠርዝ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ አፍንጫዋንም ለቀቀችው። ከማኅበሩ ትሰረዝ የሚል ድምፅ አልተሰማም። እንዲያውም የእመት አህያ ጎጆ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮ በር አገኘ፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ።

ቀጋው ውስጥ ቀበሮ የጣራ ሣር እየተፋ፣ አንበሳ የሚባል እንዳልመጣ፣ በሩ ላይ ዝንብ ብቻ እንደነበረች፣ የመታችውም አህያዋ መሆኗን ሦስት ጊዜ አስረዳው። ጅብ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አህያ እንደዚያ ትመታለች ብሎ የሚያምን ሞኝ የት አለ። መንጋጋውን በመዳፉ ወደ ቦታው መለሰና እንዲህ አለ፦

«ከዚህ የምንማረው፣ ታላቅ ሰው ሲገባ ሣጥን ውስጥም ቢሆኑ ቶሎ መነሣት እንደሚገባ ነው፤ እኔን ያስመታኝ ትንሽ መዘግየቴ ነው።»