በዘንቢል የታሰረ ማኅተም

ተረት ተረት ብል «የላም በረት» የሚለኝ አጣሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላም የት ይገባል? እንግዲህ ያለ በረት ስሙኝ።

በአንድ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ውድነሽ የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። በልጃቸው ሰፈር ደረጃ የሌለው ቤት አገኙ፤ የፎቁንም ቤት የሚገዛ ሰው መጣ። ብሎኩን ግን የሚያስተዳድሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የኮሚቴው ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ቤት አያሸጥም። ገዢው ደግሞ «ከነገ በላይ አልጠብቅም» ብሏል። እትዬ ውድነሽ የፈለጉት አንዲት ማኅተም ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ወረዱ፤ ሊቀመንበሩ አቶ ይርዳው ዘንድ።

«ጸሐፊዋ ሳትፈርም አልመታም» አሉ አቶ ይርዳው። «ነገር ሲሳካ ሰው የሚያመሰግነው እሷን፣ ሲበላሽ የሚረግመው እኔን! ቀድማ ትፈርም።»

ሁለተኛ ፎቅ ወረዱ፤ ጸሐፊዋ ዘነቡ ዘንድ።

«ፈርሚልኝ ልጄ። አንቺ ካልፈረምሽ አቶ ይርዳው አይመቱም፤ እሳቸው ካልመቱ ቤቴ አይሸጥም።»

«እትዬ፣ ውኃ በጠፋ ቁጥር የቢራራ ሻወር ሲንሿሿ እሰማለሁ፤ እኔ ባዶ ባልዲ ታቅፌ! ያንን የውኃ ሮቶ ከመስኮቴ ስር ሳያነሳ እስክሪብቶ አልነካም።»

አንደኛ ፎቅ ወረዱ፤ ቢራራ ዘንድ።

«ሮቶህን አንሳልኝ ልጄ። ሮቶው ካልተነሳ ዘነቡ አትፈርምም፤ ዘነቡ ካልፈረመች አቶ ይርዳው አይመቱም፤ እሳቸው ካልመቱ ቤቴ አይሸጥም።»

«ወዴት ላንሳው? አጀቡሽ የጋራውን ግቢ አጥራ ጎመን ዘርታበታለች። ዕጣው ምድር ቤት ስላወጣላት ምድሩም የሷ ሆነ! እኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ ስንዝር መሬት የለኝም። አጥሯን ታንሳ፣ እኔም ሮቶዬን እዚያ አደርገዋለሁ።»

እትዬ ውድነሽ የደረጃውን ብረት ጨብጠው ምድር ቤት ወረዱ። ቅናት ጉልበት አያመውም፤ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

«አጥርሽን አንሺልኝ አጀቡሽ። አጥሩ ካልተነሳ ሮቶው አይነሳም፤ ሮቶው ካልተነሳ ዘነቡ አትፈርምም፤ ዘነቡ ካልፈረመች አቶ ይርዳው አይመቱም፤ እሳቸው ካልመቱ ቤቴ አይሸጥም።»

አጀቡሽ ወገቧን ያዘች። «ቲማቲም ሻጩ እኔ በር ላይ ቆሞ ወደ እርስዎ ያንጋጥጣል! እርስዎ ከላይ በገመድ ዘንቢል ያወርዳሉ፤ እሱ ‹እማማ፣ እማማ› እያለ ቀይ ቀዩን መርጦ ይሞላልዎታል። ለእኔ የተጨፈለቀው ይተርፈኛል። ዘንቢሉን ካልሰጡኝ አጥሬን አልነካም!»

እትዬ ውድነሽ ደረጃውን ቀና ብለው አዩት። ዘንቢሉ ያለው አራተኛ ፎቅ ነው። እንባቸው መጣ።

«ነይ እንግዲህ፣ ደግፊኝ» አሏት።

በየፎቁ እየተቀመጡ፣ እያቃሰቱ ወጡ። አጀቡሽ ክንዳቸውን ይዛ ከጎናቸው ነበረች። ላይ ሲደርሱ ዘንቢሉን ከነገመዱ ሰጧት።

«ልጄ፣ እኔ ዘንቢል የማወርደው መውረድ ቢያቅተኝ ነው። አንቺ ቲማቲሙን በእጅሽ ስታገላብጪ ከዚህ ሆኜ እያየሁ፣ በእግርሽ ስቀና ነው የኖርኩት።»

አጀቡሽ አፈረች። በረንዳው ላይ ወጥታ ጮኸች፦ «ቢራራ! አጥሬን አነሳለሁ፤ አንተም ሮቶህን አንሳ!»

አጥሩ ቢነሳ ሮቶው ተነሳ፤ ሮቶው ቢነሳ ዘነቡ ፈረመች፤ ዘነቡ ብትፈርም አቶ ይርዳው ማኅተሙን እፍ ብለው ጧ አደረጉት፤ ማኅተሙ ቢያርፍ ቤቱ ተሸጠ። እትዬ ውድነሽም ያንን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ወረዱት።

አጀቡሽ አፈረች እንጂ ዘንቢሉን አልመለሰችም። ምድር ቤት መስኮቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ቂጡ መሬት ይነካል። ዘነቡ ከላይ ባየችው ቁጥር «ለሷ ብቻ ለምን ሰጧት?» ትላለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ተዉት፣ ጎረቤት ያያል።