ፊታውራሪን የሚመስል ፏፏቴ

ፊታውራሪ አምባዬ የመንደሩን ምንጭ ጠልፈው ወደ ግቢያቸው አስገቡና በአትክልታቸው መሐል ሰፊ ኩሬ ሞሉበት። ኩሬው ሲሞላ ደግሞ ሌላ አማራቸው፤ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ውሃ ሽቅብ የሚረጭ ፏፏቴ። ለዚህም ከመንደሩ አንድ ምላሱ የማያርፍ ቧንቧ ሠሪ አስጠሩ።

«ስማ አንተ! ፏፏቴው እኔን መምሰል አለበት። ያየው ሁሉ ሳይነገረው የማን እንደሆነ ይወቅ። ካልመሰለኝ እግር ብረት አስገባሃለሁ» አሉት።

ምንጩ ከተጠለፈ ወዲህ የቧንቧ ሠሪው ሚስት ውሃ ፍለጋ ገደል ስትወርድ ስለምትውል የሰውየው ሆድ አርሯል። ቢሆንም እጅ ነስቶ ወጣ። ባዶ በርሜሎች አያይዞ ኩሬው ላይ አንሳፈፈና ሞተርና ቧንቧ ተከለባቸው። በምረቃው ቀን መኳንንቱም የመንደሩም ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሞተሩን ቢያስነሳው፣ ውሃው ሽቅብ ተወርውሮ ተመልሶ እዚያው ኩሬ ውስጥ ወረደ።

ፊታውራሪ በዚህም በዚያም ዞረው ቢያዩ መልካቸው የለም።

«የታለ እኔን የመሰለው?» ብለው ጮኹ።

«ጌታዬ፣ ልብ ብለው ይዩት እንጂ» አለ ሰውየው። «ከሥር ከሥር ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ከፍ አድርጎ ለእንግዳ ያሳያል፤ ከግቢ ውጪ ግን አንዲት ጠብታ አያወጣም።»

መኳንንቱ አፋቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪ ፊታቸው ደም መሰለ።

«እኔ እንዲህ ነኝ?»

«እንዳልሆኑማ ማሳየት በእጅዎ ነው፤ ምንጩን ወደ መንደሩ ይልቀቁትና፣ ፏፏቴው ጌታውን አልመሰለም ተብዬ በደስታ እግር ብረት ልግባ።»