ሃምሳ ሁለት እግር

ፊታውራሪ ጓንጉል የአንዲት ባልቴትን በሬ ከጀሉና ሰው በተሰበሰበበት አስጠሯት።

"በረቴ ውስጥ ቆሜ በጎቼንና ዶሮዎቼን እኔው ቆጠርሁ። ጭንቅላቱ ሃያ፣ እግሩ ሃምሳ ሁለት ነው። በጉ ስንት፣ ዶሮው ስንት? ከሳትሽ በሬሽ የእኔ ነው!"

ባልቴቷ በጣቶቿ አሰላች። ሁሉም ዶሮ ቢሆን እግሩ አርባ ነው፤ የተረፈው አሥራ ሁለት እግር ሁለት ሁለት ቢታደል ለስድስት በግ ይበቃል።

"ስድስት በግ፣ አሥራ አራት ዶሮ" አለች።

በረቱ ሲከፈት አምስት በግና አሥራ አምስት ዶሮ ወጣ።

"በሬውን አምጪ!" ብለው ፊታውራሪው ሳቁ።

"ይቆዩ እንጂ ጌታዬ፤ ጭንቅላቱ ልክ ሃያ ነው፤ እግሩ ግን ሃምሳ ብቻ። ሁለቱ የእርስዎ ናቸው። እግርዎን ከበጎቹና ከዶሮዎቹ ጋር ደርበው ቆጠሩ፤ ጭንቅላትዎን ግን እርስዎም የለም ብለው ተዉት።"