ኩበት የከመረው ሰው

ዝናቡ ስለዘገየ፣ ከጎረቤቶችህ ጋር በየተራ ከምትተራረሱበት ወንፈል ልውጣ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ተቀመጥና ስማኝ፣ ስንሻው።

አንድ ሰው ነበረ፤ ስጉ ሰው። አንዲት ላም፣ ትንሽ የጓሮ ማሳና ከቤቱ ጀርባ የተቆፈረ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነበረው። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት የላሟን እበት በእጣቢ ውሃ በጥብጣ ወደ ጉድጓዱ ትጨምራለች። ጉድጓዱ ለምድጃቸው እሳት ይሰጣል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለማሳው ፍግ ይሆናል፤ በዚያ የበቀለውን ጎመን እነሱ ይበላሉ፣ ሣሩን ላሟ ትበላለች። ከዚያ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። «ውሃ ብናጣስ? ማገዶ ብናጣስ?» ይላል። በመጨረሻ እጣቢውን ሳይቀር በእንስራ ማጠራቀም ያዘ። እበቱንም ለጉድጓዱ መስጠት ትቶ፣ የሴት ሥራ ነው ሳይል በገዛ እጁ ኩበት እየጠፈጠፈ ይከምር ጀመር። በዚያ አገር ትልቅ የኩበት ክምር ያለው ሰው ይከበራልና መንገደኛው ሁሉ አደነቀለት።

ሚስቱ ግን ፈራች። «አንተ ሰውዬ፣ ማሳው ምን ሊበላ ነው?» አለችው።

«ማሳ አይሞትም። እኔ የምሰጋው ለእኛ ነው» አላት።

ጉድጓዱ ደረቀ። ፍግ ያጣው ሣር ቢጫ ሆነ። ላሟ ከሳች፤ ወተቷ ነጠፈ፤ እበቷም አነሰ። እበቱ ባነሰ ቁጥር የሰውየው ጭንቀት ባሰና ከበረቱ ወለል እየፋቀ መልቀም ጀመረ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ላሟ ተኛች፤ በቀንዷም በጅራቷም ይዘው ቢያነሷት አልነሳ አለች። ይሄኔ ሰውየው ጉድጓዱን መልሶ ለማስነሳት እንስራውን ተሸክሞ ሮጠና ያጠራቀመውን ውሃ በሙሉ ውስጡ ገለበጠው። የሚበጠበጥ እበት ግን አልነበረም፤ ሁሉም ደርቆ ኩበት ሆኗል።

ላሟ በማግስቱ ሞተች። ሚስቱ ባዶ ድስት ይዛ ከክምሩ ፊት ቆመች። «ይኸው ማገዶ ሞልቶልናል፤ ምን ልጣድበት?» አለችው።

ስንሻው፣ ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ፈራ እንጂ። አንተም ፈርተሃል። እኔም ሰማዩን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይረበሻል፤ ምን እዋሽሃለሁ? ግን ለጎረቤት ያረሰ በሬ የባከነ አይምሰልህ። የእነሱ እጅ ተመልሶ አረምህን ያርማል፣ አዝመራህን ያጭዳል። ዛሬ በሬዎችህን በረት ውስጥ ብትዘጋቸው፣ ዝናቡ ሲመጣ ሁለት ያልደከሙ በሬዎች ይኖሩሃል፤ ሰው ግን አይኖርህም። ያ ሰው ከክምሩ ጋር እንደቀረ አንተም ከበሬዎችህ ጋር ትቀራለህ።

ነገ ተራው የዚያች ባሏ የሞተባት ጎረቤትህ ነው አሉ። በጠዋት ጠምደህ ሂድላት።