የአቶ ዘለቀ የአንድ ቀን አበባ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ሰው ያለውን ንቆ ለታይታ ሲንደፋደፍ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። አፍ ላይ ቀላል ነው፤ አቶ ዘለቀን ግን በላብ አጥምቋቸዋል።

አቶ ዘለቀ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ጎመን ነበር። ከአጥሩ በር እስከ ቤታቸው ደጃፍ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ነው። ያ የድሬ ፀሐይ ድንጋይ እያጋለ እንኳ የእሳቸው ጎመን ጠዋትና ማታ ውሃውን እየጠጣ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል።

ታዲያ ልጃቸው ሰናይት ልትታጭ ሆነና የሚያጫት ልጅ አባት አቶ ፈለቀ እሁድ ለምሳ እንደሚመጡ መልእክት ተላከላቸው። አቶ ፈለቀ የሚኖሩት ከዚራ ሰፈር ነው፤ ግቢያቸው በአበባ ያበደ ነው ይባላል።

«እንዲህ ያለውን ሰው በጎመን መሀል ላሳልፈው?» አሉ አቶ ዘለቀ።

«ምን ነውር አለው? ሰናይትን ያሳደጋት ጎመኑ አይደል!» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎ። ዶሮ ወጡን በዋዜማው ሠርተው ጨርሰው ስለነበር፣ እሁድ በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አቶ ዘለቀ ይህን ጊዜ ነው የጠበቁት። ወደ ጎረቤታቸው ወደ ዙሪያሽ አበባ ሊለምኑ ተጣደፉ። ዙሪያሽ ጽጌረዳዋ የሰፈሩን ዓይን የሚስብ፣ የእሷ ዓይን ግን ዘወትር ከአጥር ወዲያ ጎመኑ ላይ የሚያርፍ ሴት ናት።

«ጎመኑን ከነሥሩ ልንቀለው፤ ጋሽ ዘለቀ ደግሞ አበባውን ይውሰዱ» አለች።

«አበባውንስ ከነሥሩ?»

«ሥሩ ለእኔ ይቅር። እንግዶቹ የሚመጡት ሥር ሊቆጥሩ ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው አሉ። እሷ ጎመኑን ነቅላ ወደ ግቢዋ አሻገረች፤ እሳቸው አበባውን በመቀስ እየቆረጡ ባዶው መደብ ላይ ሰካኩት። ግቢው ቀላ፣ ደመቀ፤ አቶ ዘለቀም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሲመለሱ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ጎመኑስ?»

«አበባ ሆነ!»

ወዲያው እንግዶቹ ደረሱ። ቀትር ነው። አቶ ፈለቀ በአበባው መሀል ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ምነው፣ አበቦቹ ሁሉ እጅ ይነሱናል?»

«እንግዳ አክባሪ ናቸው» አሉ አቶ ዘለቀ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

አቶ ፈለቀ አንዷን ጽጌረዳ ቀና ላድርግሽ ብለው ሲነኳት ተመዛ እጃቸው ላይ ቀረች። ሥር የላት፣ ምን የላት። አቶ ዘለቀ የልጃቸው ሠርግ አብሮ የተነቀለ መሰላቸው።

እንግዳው ግን አበባዋን እንደያዙ ገብተው ተቀመጡ። ዶሮው ቀረበ። ትንሽ ቀመስ አደረጉና፣

«ዶሮስ እኛም ቤት አለ። ልጄ ስለ ሰናይት ባወራ ቁጥር ስለ እናንተ ጎመን ሳያነሳ አያልፍም። እኔም እሱን ልቅመስ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸውን አዩአቸው። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ የሚቁላላ ሽንኩርትና የጎመን ሽታ ተግተልትሎ ገባ። አቶ ዘለቀ ሳህን ይዘው በጓሮ በር ወጡ፤ የገዛ ጎመናቸውን ሊለምኑ።

«እሰጥ ነበር» አለች ዙሪያሽ ድስቷን እያማሰለች፣ «እኔ ግን አልተጠራሁም።»

«በይ ነይ፣ ምን አማራጭ አለኝ!»

ቀሚሷን ቀይራ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ፣ ከእንግዶቹ መሀል ተቀመጠች። የማን ጎመን እንደሆነ፣ እንዴትስ እጇ እንደገባ አንድም ሳታስቀር ተረከች። አቶ ዘለቀ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አቶ ፈለቀ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሁለቴ አስጨምረው በሉ፤ የሠርጉንም ቀን እዚያው ማዕድ ላይ ቆረጡ።

ሲወጡ በፀሐይ የተኮማተረውን አበባ አሻግረው አዩና ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ያልተወውን ቃል ተናገሩ፦ «ጎመን ነቅሎ አበባ ተከለ፤ እንግዳ ሲመጣ ሁለቱም የለ።»