የዲኑ ሦስት ተማሪዎች

ዶክተር አጥናፍሰገድ ሠላሳ ዓመት ሕግ ያስተማሩ፣ ዐሥራ ሁለቱን ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ሆነው የመሩ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ሳይነግሩት የሚያሳልፉት ሰው የለም። አንዲት ባላገር ሴት ግን ገና አልሰማችም። ጎረቤቷ ድንበር ገፍቶባት ስድስት ዓመት ስትሟገት አራት ጫማ ጨርሳለች። ያን ዕለት በትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ምክር ክፍል ደጃፍ ተራዋን እየጠበቀች ዳኞችን ስትራገም፣ ዲኑ ሲያልፉ ሰሟት።

«ዳኛ እንዲህ አይሰደብም!» አሏት። «የትኛው ነው የበደለሽ? ተናገሪ፤ አለዚያ አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂ!»

«የወረዳው ዳኛ ፈረደልኝ» አለች።

«ተማሪዬ ነው።»

«የከፍተኛው ሻረብኝ።»

«እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«የጠቅላዩ ደግሞ እንደገና ይታይ ብሎ ወደ ወረዳው መለሰኝ።»

«እሱማ ከክፍሉ አንደኛ ነበር! ሦስቱም የእጄ ሥራ ናቸው። በይ እንግዲህ፣ ይቅርታሽን እንስማ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ፤ ሦስቱም ይቅር ይበሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስረግማቸው ኖሬያለሁ። ለካ የሚያመላልሱኝ እርስዎ ነዎት።»